የሚዘገየው ምት

ፋብሪካው ጸጥ ያለው ለሾን ሃርከር ክብር ነበር። ፎርማኑ ቴሪ ከጠዋት ጀምሮ የልጃችን ዘፈን ዛሬ በሬዲዮ ይወጣል እያለ ሲለፈልፍ አርፍዶ፣ የሬዲዮው ሰውዬ የባንዱን ስም ሲጠራ እጁን ሰቅሎ መጋዙንም መሰርሰሪያውንም አስቆመ። በመኪና የሚጎተት ቤት ሲገጣጥሙ የሚውሉት ወንዶች፣ ገሚሱ መዶሻውን እንደጨበጠ፣ ገሚሱ የእንጨት ብናኝ ከቅንድቡ ሳያራግፍ፣ ቀለም የተረጫጨበትን ሬዲዮ ከበቡት። ሾንን ገፍተው ገፍተው መሃል አቆሙት። ሰው ዝም ብሎ እሱን ሲጠብቅ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር።

ዘፈኑ በድራም ነው የሚጀምረው። ድራሙ ብቻውን ጥቂት ይሄዳል፣ ከዚያ ጊታሩ ይቀበለዋል፣ ከዚያ ፊሊፓ ትገባለች። የመጀመሪያው ምት ከሬዲዮው ሲወጣ የሾን ፈገግታ ከንፈሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

የእሱ እጅ አልነበረም።

እናት ልጇን ከመቶ ልጅ መሃል በሳሉ ትለየዋለች። ድራም መቺም የገዛ እጁን እንደዚያ ነው የሚያውቀው። ይሄኛው ምት ቀጥ ያለ፣ የተላጨ፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት የማይሳሳት ነበር። የሾን ምት ግን ወደኋላ ትላለች፤ ደጃፍ ላይ ቆሞ ልግባ ወይስ ልመለስ እንደሚል እንግዳ ጥቂት ታመነታና ነው የምትገባው። ያቺ ማመንታት የለችም። ፍቀው አውጥተዋታል።

ፊሊፓ መዝፈን ስትጀምር ሾን ጆሮውን አልሰጣትም። ከዚያ የባዕድ ድራም ሌላ የሚሰማው ነገር አልነበረም። ዘፈኑ ሲያልቅ ፋብሪካው በጭብጨባ ተናጋ፤ ቴሪ ጀርባውን በመዳፉ ደለቀው።

"አንተ ሌባ! እንዲህ ትመታ ኖሯል እንዴ? እኔ እዚህ ምስማር እያስመታሁ አበላሽሃለሁ።"

ሰዉ ሳቀ። ሾንም ሳቀ። በሰው ሥራ መመስገን ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ከስድብ ይብሳል። ስድብን መልሰህ ትሳደባለህ፤ ምስጋናውን ግን ለማን ትመልሰዋለህ? እስከ ሥራ መውጫ ድረስ እያንዳንዱ ባለፈ ቁጥር ትከሻውን ይነካው ነበር፤ በነኩት ቁጥር አንድ ነገር ከውስጡ እየወለቀ የሚወድቅ ይመስለው ነበር።

*

የባንዱ ስም ላስት ፌሪ ነው፤ የመጨረሻዋ ጀልባ። ድልድዩ ሲሠራ ከሀምበር ወንዝ ላይ የቀረችውን ጀልባ የሃል ከተማ ሰው ሁሉ ያስታውሳታል፤ ስሙን ያወጣው ጊታር መቺው ኒል ነው። ቤዝ የሚጫወተው ታናሽ ወንድሙ ነበር። ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ፣ ጊታር የያዘ ሁሉ ባንድ አቋቁሜያለሁ በሚልበት ጊዜ የተነሱ ልጆች ናቸው። የእነሱ ግን ሌላ ነበር። ሌላው ሲጮህ እነሱ ቀስ ይላሉ፤ ሌላው መድረክ ላይ ሲዘል እነሱ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰው ቆመው፣ ሰው የገዛውን ቢራ ረስቶ አፉን ከፍቶ እንዲያያቸው ያደርጉ ነበር። አንድ ዓመት ተኩል ቢቆዩ ነው። ክብሪትም የሚበራው ለአፍታ ነው፤ ያን ጊዜ ፊቱን ያየኸውን ሰው ግን አትረሳውም።

ፊሊፓ ካርስዌል የሐኪም ልጅ ነች፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ዛፉ ከሰው ከሚበዛበት ሰፈር። ሾን ደግሞ የዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር፣ የሄስል ሮድ ልጅ ነው። አባቱ ሬይ በሩቅ ባሕር ዓሣ ሲያጠምድ ኖሮ፣ መርከቧ ለብረት ስትቆራረጥ እሱም ከወንበሩ ሳይነሳ የቀረ ሰው ነው። እነዚህ ሁለት ልጆች በአንድ አውቶቡስ እንኳ ተሳፍረው አያውቁም። ያገናኛቸው ፍርሃት ነው። ፊሊፓ መጀመሪያ መድረክ ላይ የወጣች ዕለት የሰዉን ዓይን ፈርታ፣ ዓይኗን የምታሳርፍበት ብታጣ፣ ለሕዝቡ ጀርባዋን ሰጥታ ዞራ ሾን ላይ ጣለችው። ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር እሱን እያየች ዘፈነች። ሰዉ የባንዱ ስልት መስሎት አደነቀ። ሾን ግን ያን ዕለት ዱላዎቹን ለማስቀመጥ እጁ እምቢ አለው።

በኋላ፣ ቀይ ቅመም የተነሰነሰበት የተጠበሰ ድንች ከአንድ ወረቀት እየበሉ፣ ሰው ሁሉ ለምን ትዘገያለህ እያለ ሲቆጣው መኖሩን ነገራት። አስተማሪው፣ ፎርማኑ፣ ኒል ሳይቀር። እሷ ጣቷን ላሰችና እንዲህ አለችው።

"አንተ ስትዘገይ እኮ ነው እኔ መተንፈሻ የማገኘው።"

ሾን ከዚያ በኋላ ስለ ራሱ ከሰው አፍ የሰማው መልካም ነገር ቢቆጠር ሁሉም ከዚያች ቃል በታች ነው።

እናቷ ጋ ግን ሌላ ነበር። እሑድ ምሳ ተጋብዞ ሄዶ፣ አውቶቡሱ ተበላሽቶ ዘግይቶ ቢደርስ፣ ሚስስ ካርስዌል በሩን ከፍተው በፈገግታ "ድራም መቺው መጣ" ብለው ወደ ውስጥ ተጣሩ። ስሙን ያውቁት ነበር። እጁን መታጠብ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቁት፤ ታጥቦ ሲመለስ እንደገና ጠየቁት። እንዲህ ያሉ ሰዎች አይሰድቡህም። በሳሙና ነው የሚገድሉህ።

ከዚያ የለንደኑ ጁሊያን መጣ። ሸክላ የሚያሳትመው ድርጅት የላከው፣ ለስላሳ ጫማ የሚያደርግ ሰው። ለንደን ወስዶ ስቱዲዮ አስገባቸው። ሾን ድራሙን መትቶ ሲጨርስ፣ ጁሊያን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ ሻይ ጋብዞ፣ ድንቅ ነህ ብሎት፣ የፋብሪካ ሥራህ እንዳይበላሽ አንተ ቀድመህ ወደ ቤትህ ሂድ፣ የቀረው የፊሊፓ ድምፅ ብቻ ነው አለው። ሾን ወደ ሰሜን በሚሄደው አውቶቡስ መስኮት ላይ ግንባሩን ተደግፎ እንደ ሞኝ እየሳቀ ገባ። ከኋላው ቅጥር ድራም መቺ እንደጠሩ ያወቀው እንግዲህ ከሬዲዮ ነው፤ ያውም በሥራ ባልደረቦቹ ፊት።

የዚያኑ ቀን ከፋብሪካው በር ካለው ነጭ ስልክ ቤት ደወለላት። ለንደን ነበረች።

"የማን እጅ ነው?"

"ከየት ነው የምትደውለው?" አለች።

"ታውቂ ነበር ወይ?"

"ሾን፣ ላስረዳህ..."

"ታውቂ ነበር ወይስ አታውቂም?"

"አውቅ ነበር" አለች።

መልሷ ውሸት ቢሆን ይሻለው ነበር። ውሸትን ሰው ይቅር ይላል። ስልኩን ዘጋው።

*

ፊሊፓ ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ ደብዳቤ ጻፈችለት። ሳይከፍተው ጀርባው ላይ "ድራም መቺው የለም" ብሎ ጽፎ መለሰው። ሌላም መጣ፤ እሱንም እንደዚያው አደረገ። ስሙን ስትጽፍ የመጀመሪያዋን ፊደል ከሌሎቹ ታስበልጣት ነበር፤ የእጅ ጽሑፏን በዚያ ያውቀዋል። ፖስታውን ሳጥን ውስጥ ከለቀቀ በኋላ ጣቶቹ እዚያው የሳጥኑ አፍ ላይ ትንሽ ቆዩ።

አንድ አርብ፣ አመሻሽ ላይ፣ ኒል መጣ። ተቀመጥ ሳይባል ተቀመጠ፤ የባሰ ነገር ሊናገር ሲል እንዲህ ነው። ቅዳሜ እዚሁ ከተማ፣ ሁልጊዜ በሚጫወቱበት ከመጠጥ ቤቱ በላይ ባለው አዳራሽ እንደሚጫወቱ፣ እሑድ ጠዋት በመኪና አገሩን ሊዞሩ እንደሚነሱ ነገረው። ቅጥሩ ድራም መቺ አብሮ ይሄዳል። የሾን ድራም አዳራሹ ጓዳ ውስጥ ስለሆነ ቢወስደው ጥሩ ነው፤ ሰውዬው የራሱን ይዞ ይመጣል።

"እኔ ያለ አንተ አልሄድም ብዬ ሁለት ጊዜ እምቢ ብያለሁ" አለ ኒል፣ ምንጣፉን እያየ። "ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቁኝም።"

ሾን ሻይ ይጠጣ እንደሆነ ጠየቀው። ኒል አልፈለገም። ሲወጣ አዲሱን ሸክላ ጠረጴዛው ላይ አኖረለትና፣ ስምህ አለበት አለው። እውነትም ነበረበት፤ ከጀርባው፣ ድራም፣ ሾን ሃርከር። የቀሙትን ሰው ስሙን መልሰው ሰጥተውታል። ኒል በሩ ጋ ቆሞ አንድ ነገር ጨመረ፤ ፊሊፓ ከለንደን ከመጣች ጀምሮ ልምምድ ላይ አልሆነላትም፣ ከአዲሱ ድራም ጋር አልገጠመችም አለ። ሾን አይመለከተኝም ሲል መለሰለት። 

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አባቱ ፈረስ እሽቅድምድሙን እየተከታተለ ነበር። ሸክላው ጠረጴዛው ላይ ሌሊቱን አድሯል። ሬይ አንዴ ሸክላውን፣ አንዴ ልጁን አየና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ።

"እስቲ ያንን የለንደን ጀግና አሰማን" አለ። "ቤታችን ገብቶ ሳንሰማው ልንቀር ነው እንዴ።"

ሾን የተነሳው በንዴት ነው። ሸክላውን ማጫወቻው ላይ አስቀመጠ፤ የልምምድ ዱላዎቹን ከመደርደሪያው አነሳ፤ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲደልቀው የኖረውን አሮጌ ትራስ ጉልበቱ ላይ አደረገ። እንዴት መመታት እንደነበረበት ላሳይህ አለ አባቱን፤ ከራሱ ጋር ነበር የሚነጋገረው።

መርፌው ወረደ። ባዕዱ ድራም ጀመረ። ሾን በገዛ ስልቱ ከኋላው ገባ። ሁለቱ ድራም እንደ ተጣሉ በሬዎች ተጓተቱ፤ ያኛው ይቀድማል፣ የሾን ይቀራል። ሬይ ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ ፊሊፓ ገባች።

የመጀመሪያዋ ቃል የወደቀችው የሾን ዱላ ትራሱን በነካበት ቅጽበት ነው።

አጋጣሚ መስሎት ቀጠለ። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ሦስተኛዋም። ፊሊፓ የባዕዱን ድራም ጥላው ትሄዳለች፤ እሱ ሲመታ አብራው ትወድቃለች፣ እሱ ሲያመነታ ትተነፍሳለች። ትንፋሿ ይሰማል። ሾን መርፌውን አንስቶ ከመጀመሪያው መለሰው። አሁን ሆን ብሎ ምቱን ከባዕዱ ጋር አስተካከለ፤ ወዲያው ድምፅዋ ባዶ ቦታ ላይ የቀረ መሰለ፣ ደረጃ የሳተ ሰው ይመስል። ወደ ራሱ ምት ተመለሰ፤ እሷም ተመለሰች።

ስቱዲዮ ውስጥ ዘፋኝ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ቀድሞ የተቀዳውን እየሰማ ነው የሚዘፍነው። ፊሊፓ ይህን ስትዘፍን ጆሮዋ ላይ የነበረው ያ የለንደኑ ድራም አልነበረም። እሱ ነበር። ከሸክላው ላይ ፍቀው ያወጡትን፣ አፈር ያለበሱትን የሾንን ድራም እየሰማች ነው የዘፈነችው። ሬዲዮ ላይ ዘፈኑ አንዳች ሐዘን አለው እያለ አገሩ ሁሉ የሚያደንቅላት ያ ወደኋላ ማለቷ፣ የሌለ ሰው መከተሏ ኖሯል።

ዱላው ከእጁ ወደቀ።

"ምን ሆንክ?" አለ ሬይ።

"ከእኔ ጋር ነች።"

አባቱ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። "ታዲያ አንተ እዚህ ከእኔ ጋር ምን ታደርጋለህ?"

*

አውቶቡሱ እንደ ልማዱ ዘገየ። ሾን ደረጃውን ወጥቶ አዳራሹ በር ሲደርስ የድምፅ ሙከራው ሊያልቅ ምንም አልቀረው። የከሰዓት ፀሐይ በአቧራማው መስኮት ገብታ ባዶዎቹን ወንበሮች ታሞቃለች። ጁሊያን በሩ ጋ ነበር። ዕቃህን ልትወስድ ነው፣ ጥሩ፣ ጓዳው ውስጥ ነው አለና ያንኑ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

መድረኩ ላይ ቅጥሩ ድራም መቺ ጀመረ፤ ኒልና ወንድሙ ተከተሉ፤ ፊሊፓ ገባችና አቆመች። ይቅርታ ጠየቀች። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና አቆመች። ሰውዬው ሾን ለሳምንታት ሲረግመው የኖረ ነው፤ ግንባሩ ገለጥ ያለ፣ ሹራብ የለበሰ፣ አንድም ክፋት የሌለበት ሰው። ይህ ራሱ ሾንን አናደደው።

"እኔ ነኝ የማጠፋው ወይስ አንቺ?" አላት ሰውዬው በትሕትና።

"እኔ ነኝ" አለች ፊሊፓ። "አንተ ጥሩ ነህ። እኔ የሚዘገይ ሰው መጠበቅ ለምጄ ነው።"

ሾን በወንበሮቹ መሃል አልፎ ወደ መድረኩ ግርጌ ሄደ። ስታየው ማይክራፎኑን በሁለት እጇ ያዘች። ከስታ ነበር። 

"ማንን እየሰማሽ ነው የዘፈንሽው?" አላት።

"ታውቀዋለህ።"

"ካንቺ አፍ ልስማው።"

ፊሊፓ ጁሊያንን አላየችም። ኒልን አላየችም።

"አንተን" አለች። "አዲሱን ድራም ጆሮዬ ላይ አደረጉልኝ፤ ወረወርኩት። የሾንን ካላደረጋችሁ አልዘፍንም አልኩ። ያ እኮ ይጠፋል አሉኝ። ይጥፋ፣ እኔ እስክጨርስ ግን ይኑር አልኳቸው። ለአንተ ከነገርኩህ ሸክላው አይወጣም አሉኝ። ኒልን አየሁት፣ ወንድሙን አየሁት፣ ዝም አልኩ። አፌ ነው የፈራው ሾን። ድምፄ አልፈራም።"

"እኔ የምፈልገው አፍሽን ነበር።"

"አውቃለሁ።" እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። "ደብዳቤዎቼን መለስካቸው። ከፖስተኛው የተቀበለችልኝ እናቴ ነች። 'ድራም መቺው የለም ይላል' ብላ ሰጠችኝ። ቁርስ ላይ፣ ቅቤ እየቀባች።"

ሾን አንገቱን ደፋ። ያንን ቃል የጻፈው ራሱን ለመጉዳት ነበር፤ እሷ እጅ ላይ ስለት ሆኖ መድረሱን አላሰበም። ሲናቅ የኖረ ሰው ጥፋቱ ይሄ ነው፤ የወረወሩበትን ድንጋይ አንስቶ የሚወረውረው የሚወደው ሰው ላይ ነው።

"መጥፎ ቀልድ ነበር" አላት።

"መጥፎ ነበር።"

"ዘግይቼ ገባኝ።"

"አንተ መቼ ሳትዘገይ ቀርተህ ታውቃለህ?" አለች፤ እንባዋ መሃል ሳቋ መጣ።

ጁሊያን ከበሩ ተጣራ። ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ እንደ ጫማው። መኪናው ነገ ጠዋት እንደሚነሳ፣ ማን እንደሚሳፈርበት በግልጽ እንደተነጋገሩ፣ ድርጅቱ ሐሳቡን እንደማይቀይር አስታወሳት። በዚህ ዕድል ላይ ስንት ባንድ እንደሚሻማ ነገራት። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር።

ፊሊፓ ኒልን አየችው። ኒል የሷን ፊት ካየ በኋላ ጎንበስ ብሎ ጊታሩን መቃኘት ጀመረ፤ ወንድሙም ተከተለው። ሦስተኛ ጊዜ ያልተጠየቀው ሰው መልሱን የሰጠው እንደዚህ ነው።

"መኪናው ይሂድ" አለች ፊሊፓ ለጁሊያን። "እኛ እዚህ ሥራ አለብን።"

ሹራብ ለባሹ ሰውዬ ከድራሙ ኋላ ተነሳ። ሾን ጓዳ ሄዶ የራሱን ትንሿን ድራም ብቻ ይዞ ሲመለስ፣ ሰውዬው የእሱን አንስቶ ቦታ ለቀቀለትና፣ ያንተን ሰምቼው ነበር፣ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ከማጥፋታቸው በፊት፣ ደስ ይል ነበር አለው። ከዚያ ሻይ ፍለጋ ወረደ።

የሆነውን ከተማው ያውቃል። ድርጅቱ ተዋቸው፤ ሸክላው በሽያጭ ተራ ከመጀመሪያዎቹ አርባ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ቀረ፤ ሬዲዮ ላይ የሚነበቡት አርባው ብቻ ናቸው። ላስት ፌሪ ያን ምሽት ከተጫወተ በኋላ ለንደን አላየችውም። ዛሬ ግን ፀጉሩ የሸበተ፣ አዳራሹ የማይችለውን ያህል ሰው ያን ምሽት እኔም እዚያ ነበርኩ ይላል። ያልነበረም ይላል። ለአንድ ባንድ ከዚህ የሚበልጥ ክብር ምን አለ?

ይህ ግን ገና ነው። ገና ቀን ነው፤ አዳራሹ ባዶ ነው፤ ጁሊያን በሩ ጋ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆሟል። ሾን ወንበሩን ዝቅ አደረገ። ዱላዎቹን አነሳ። ፊሊፓ እንደዚያች እንደ መጀመሪያዋ ቀን ለአዳራሹ ጀርባዋን ሰጥታ ዞረች፤ ዓይኗን እሱ ላይ ጣለች።  ምቱ ቢጠፋበትስ? ከእነዚያ ሁሉ ሳምንታት በኋላ፣ ያ ንዴት ሁሉ ቀጥ አድርጎት፣ እንደ ሰዓት አድርጎት ቢሆንስ?

ዱላውን አነሳ። መታ። ጊታሩ ገባ። የቃሏ ቦታ ደረሰ፤ ሾን ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ እንደ ልማዱ፣ ትንሽ አመነታ።

ፊሊፓ ጠበቀችው። ከዚያ ተነፈሰች።